ለእግርህ ያልሰጠሁህ መድኃኒት

ውድ አባዬ፣

ስልክ ስደውል አታነሳም። አክስቴ ቾና ታነሳና «ወንድሜ ተኝቷል» ትለኛለች፤ ከኋላዋ ግን የዶሚኖ ጠጠር ጠረጴዛ ላይ ሲጠፈጠፍ ይሰማኛል። ተኝቶ ዶሚኖ የሚጫወት ሰው እስካሁን አላየሁም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ገና ከጅምሩ ልንገርህ፤ ተናድጃለሁ። ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። እዚያ ኢጓላ ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጠህ «ልጄ መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፋ እግሬን አስቆረጠችኝ» ማለትህን ሰምቻለሁ። የጸጉር አስተካካዩ ሚስት እህት እዚህ ኩዌርናቫካ፣ እኛው ሰፈር ነው ዳቦ የምትሸጠው። ባለፈው እሑድ ዳቦዬን ጠቅልላ ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልህ ነው። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ አጣምመህ የምታወራው ደግሞ እሱኑ የምታውቀውን ግማሽ ነው።

መድኃኒቱ የመጣባቸውን ጊንጦች አብረን ነው የለቀምናቸው፤ ይህን አልክድህም። ኮምቢ ታክሲ መንዳት ካቆምክ በኋላ፣ እናቴም ካረፈች ወዲህ፣ ቤት መዋል አንገሽግሾህ ነበር። እኔ ደግሞ ላቦራቶሪያችን መኪና ስላልነበረው ሥራዬ ቆሞብኝ ነበር። «እኔ እወስድሻለሁ፤ ለምን ተሳፋሪ አጣሁ ብዬ ነው የማለቅሰው» አልከኝ። የኢጓላን ኮረብታ ሁሉ በአሮጌ መኪናህ ዞርነው። አንተ በብረት ዘንግ ድንጋይ ትገለብጣለህ፣ እኔ በረጅም መቆንጠጫ ጊንጡን ይዤ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እከታለሁ። ስንመለስ ከኋላ ወንበር የተደረደሩትን ዕቃዎች በመስታወት እያየህ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጫንኩ፤ እንደነዚህ ጨዋ ተሳፋሪ አልገጠመኝም። መልሴን የሚል የለ፣ በር የሚያላትም የለ» ትል ነበር።

አንድ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ሆነን የቶርቲያ ቂጣችንን ስንበላ ጠየቅከኝ።

«ቆይ፣ ይሄ መርዝ አይደል እንዴ? እንዴት ብሎ ነው መድኃኒት የሚሆነው?»

«ሙሉው መርዝ አይደለም አባዬ። እኛ የምንፈልገው ውስጡ ያለች አንዲት አጭር ሰንሰለት ናት። ፔፕታይድ እንላታለን። ባክቴሪያ ትገድላለች።»

«መርዛው?»

«አይደለም፣ በስታው።»

ቶርቲያህን አስቀመጥክና ወደ እኔ ዞርክ። ያን ቀን እንዴት እንዳዳመጥከኝ እስካሁን አልረሳሁትም። ባክቴሪያ ዙሪያውን በስስ የቅባት ሽፋን የተጠቀለለ እንደሆነ ነገርኩህ። የሽፋኑ ውጫዊ ገጽ የኤሌክትሪክ ሙሉ ኔጋቲቭ ነው፣ ፔፕታይዷ ፖዘቲቭ ናት፤ ስለዚህ ትሳባለች። መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ጋደም ብላ ትቆያለች፤ ብቻዋን ምንም አታደርግም። ሌላዋ ትመጣለች፣ ሌላዋም ትደረባለች። ሲበዙ ቅባት የሚወደው ጎናቸው ወደ ውስጥ ይሰምጥና ሽፋኑ ይቀደዳል። ውስጥ ያለው ይፈስሳል፣ ውጭ ያለው ይገባል፣ ባክቴሪያው አበቃለት።

«እንግዲያው አንድ አንዷ ፈሪ ናት፤ ተሰብስበው ነው የሚደፍሩት» አልክ። «ልክ እንደ እኛ ሾፌሮች ማኅበር።»

ሳቅን። በማግስቱ መናኸሪያ ሄደህ ለድሮ ባልደረቦችህ ሁሉ «ከልጄ ጋር መድኃኒት እየሠራን ነው» ብለህ አወራህ። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሰማኝ ሰው ካንተ ሌላ የለም። ለዚህም ነው ንዴቴ የበዛው።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሠርግ መጣ። አዲሱን ቦት ጫማህን አድርገህ ቀኑን ሙሉ ጨፈርክ። የስኳር በሽታህ የእግርህን ስሜት እየወሰደው እንደሆነ የሆስፒታል ሐኪምህ ነግራህ ነበር፤ «እሷ ስትጨፍር አይቻታለሁ፣ የምታውቀው ነገር የለም» ብለህ አለፍከው። ጫማው ከአውራ ጣትህ ሥር ልጦህ ኖሮ አልተሰማህም። ካልሲህ ላይ ደም ያየሁት እኔ ነኝ።

«የሞሌ መረቅ ነው የፈሰሰብኝ» አልከኝ።

«ከጫማህ ውስጥ?»

«ትልቅ ሠርግ ነበር እኮ።»

ሆስፒታል ስንደርስ ቁስሉ ጠልቆ ነበር። ሐኪሟ አንድ አንቲባዮቲክ ሰጠችህ፤ አልሠራም። በሌላ ቀየረችው፤ እሱም አልሠራም። ከቁስልህ ጠርጋ ብታሳድገው ባክቴሪያው በእጇ ያለውን መድኃኒት ሁሉ የለመደ ሆኖ አገኘችው። ያኔ አንተን አስፈቅጄ፣ ከዚያው ባክቴሪያ ትንሽ ወደ ላቦራቶሪያችን አስመጣሁ።

ፔፕታይዷን ጨመርኩበት። ሽፋኑ የተቀደደ ሴል ውስጥ ብቻ የሚገባ ቀይ ቀለም አለን። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ይዋኛሉ። ከዚያ አንዱ ቀላ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ። ዓይኔን አሸት አድርጌ እስክመለስ ድረስ ያልቀላ አልነበረም። አለቃዬ ዶክተር ቤልትራን ከኋላዬ ቆመው «ይሄ የማን ናሙና ነው?» አሉኝ። «የአባቴ» አልኳቸው። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ያን ዕለት በሩጫ እንዴት ሆስፒታል እንደደረስኩ አላውቅም። ስነግርህ አልጋህ ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥክ።

«በይ እንግዲህ፣ ነገ ይዘሽልኝ ነይ።»

«አባዬ፣ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው እኮ የሠራው። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

«እኔስ ሰው አይደለሁ? በኔ ሞክሪያ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ደምህ ምን እንደሚሆን ልይ።»

ደምህን ቀድተን ሁለት ብልቃጥ ውስጥ ከፋፈልነው። አንደኛው ላይ ምንም አልጨመርንም፤ ለሁለተኛው ፔፕታይዷን ሰጠነው። ውጤቱን በቃል ብነግርህ እንደማታምነኝ ስላወቅኩ ብልቃጦቹን በፎቶ አንስቼ አመጣሁልህ። በአንደኛው ደምህ ከታች ረግቶ ከላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይታያል። ሁለተኛው ከአፍ እስከ ገደፉ ወለል ያለ ቀይ ነው፣ አንተ በበረዶ እንደምትጠጣው የሃማይካ አበባ ጭማቂ።

«ይሄኛው ያምራል» ብለህ ቀዩን ጠቆምክ።

«እሱ ነው መጥፎው። ቀይ የደም ሴሎችህን አፈነዳድታቸዋለች። ውስጣቸው ያለው ፈስሶ ነው እንዲህ ያቀላው።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የሰው ሴል አትነካም ያልሽኝ?»

አዎ፣ ብዬሃለሁ። የእኛ ሴል ሽፋን ከውጭ ኔጋቲቭ አይደለም፤ ብዙም አይስባትም። ኮሌስትሮልም ስላለበት ጠንከር ይላል። አብዛኞቹ ፔፕታይዶች ይህን ሲያገኙ ትተውት ይሄዳሉ። የእኛዋ ግን ቅባት የሚወደው ጎኗ በጣም የበረታ ስለሆነ ያገኘችው ሽፋን ውስጥ ሁሉ ትገባለች። ይህን ሳስረዳህ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆየህና፦

«ኮሌስትሮል አለብህ ብላችሁ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ከለከላችሁኝ። ዛሬ ደግሞ ጠባቂህ ነው ትይኛለሽ» አልክ። ቀጠልክና፦ «ደግሞስ እኔ እቀባዋለሁ እንጂ እጠጣዋለሁ አልኩ? እግር ላይ ምን ደም አለ?»

«ክፍት ቁስል ነው አባዬ። ደሙ እዚያው ነው። ለመዳን የሚታገለውን ጤነኛ ሥጋም አትምረውም።»

«እንግዲያው አስተካክያት።»

ይህችን ቃል ስትናገር እንዴት ቀላል ነበረች። አንዱን አሚኖ አሲድ አውጥተን በሌላ ተካን። ያቺን በመሣሪያ አሠርቶ ማስመጣት ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። «በመሣሪያ ነው የምትሠራው» ስልህ ደግሞ ተቀየምክ፤ «ታዲያ እኔ ድንጋይ ስገለብጥ የከረምኩት ለምንድን ነው?» አልከኝ። አዲሷ ስትመጣ ደምህን አልነካችም፤ ባክቴሪያውንም አልነካችም። ሌላ ቀየርን፤ እሷ ሁለቱንም ገደለች። ሌላም ቀየርን። እሷ ሳህን ላይ ጎበዝ ነበረች፤ ከቁስልህ የተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ስንከታት ግን ኢንዛይሞቹ ቆራርጠው ጨረሷት። ያኔ ከሆስፒታል ወጥተህ እኔ ቤት ነበርክ፤ ሁልጊዜ ስገባ «እሺ?» ትለኛለህ፣ እኔ አልሆነም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አንተ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለህ። ከሥራ ስወጣ ሰፈር ደርሼ በሩን ለመክፈት የምፈራበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ ላቦራቶሪው ድረስ መጣህ። ዘበኛው ዶን ሲሪሎ ስልክ ደውሎ «ዶክተር ኦዲሊያ፣ አባትሽ በር ላይ ናቸው። የጊንጦቹ ባለቤት ነኝ ይላሉ» አለኝ። ብወርድ በክራንችህ ተደግፈህ፣ ለዶን ሲሪሎ የሥጋ ታኮ ይዘህለት፣ እሱም እየበላ አገኘኋችሁ። ዶክተር ቤልትራን ነገሩን ሰምተው ተከትለውኝ ወረዱ።

«አለቃዋ አንተ ነህ?» አልካቸው፣ እጅህን እንኳ ሳትዘረጋ።

«እኔ ነኝ፣ ዶን ኤፍሬን። ስለ ጊንጦቹ ምስጋናዬን ሳልነግርዎት ቆየሁ።»

«ምስጋናውን ተወውና ከማቀዝቀዣው ትንሽ ቅዳልኝ።»

«ብሰጥዎት ሊገድልዎት ይችላል።»

«ባትሰጠኝስ? ይሄ እግር የሚያኖረኝ ይመስልሃል?»

«በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እለምን ነበር፤ ለአባቴም ቢሆን ግን አልሰጠውም» አሉ ዶክተር ቤልትራን።

«እንግዲያው አባት የለህም።»

«ነበረኝ» አሉ።

መኪና ጠርቼ ሳስገባህ ለዶን ሲሪሎ ብቻ እጅህን አውለበለብክ። አለቃዬን ከፊቴ ስላዋረድክ ተናድጄ ነበር። ካንተ ይልቅ ግን በራሱ በነገሩ ነበር የተናደድኩት፤ ሁለታችሁም ልክ ነበራችሁ፣ እኔ ደግሞ መሃል ቆሜ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

የእሑዱን ምሳ ታስታውሳለህ። አክስቴ ቾና ከኢጓላ መጥታ ፖሶሌ የሚባለውን የበቆሎ ሾርባ ሠርታ ነበር። እኔ ቁስልህን አጥቤ ጠቅልዬ እጄን ታጥቤ ገና መቀመጤ ነው። ማንኪያህን አስቀምጠህ ለእሷ «ልጄ አይጥ ትወዳለች። ለላቦራቶሪ አይጦቿ መድኃኒት ትሰጣለች። እኔ ጅራት የለኝማ» አልካት።

«ኤፍሬን፣ ተው እስቲ ብላ» አለችህ።

«ምን ብዬ ነው የምተወው? ጊንጥ ያዝ ስትለኝ ያዝኩ። ደም ስጥ ስትለኝ ሰጠሁ። ባክቴሪያዬን ሳይቀር ወሰደች። እኔ ምን አገኘሁ?»

«በየቀኑ እግርህን የሚያጥብልህ ማን ነው?» አልኩህ። ድምፄ ከፍ ማለቱን አውቃለሁ። «ስኳርህን የሚለካ፣ ከጓዳ የደበቅከውን ብስኩት የሚጥል ማን ነው? እንድገድልህ ነው የምትፈልገው? አባቷን ገደለች እንዲሉኝ ነው?»

«እንድትሞክሪ ነው የምፈልገው።»

አክስቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየች። የማዝነው፣ ያን ቀን የወሰደችው ነገር «መሞከር አለበት» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ከኢጓላ ገበያ ጊንጥ የተዘፈዘፈበት ሜዝካል አረቄ ገዝታ መጣች። እኔ ሥራ ሄጄ ሳለሁ ጨርቅ ነክራ ቁስልህ ላይ አሰረችልህ፤ አንተም «ይኸው፣ ያው ጊንጥ ነው፤ ይሄኛው ፈቃድ አይጠይቅም» ብለህ ሳቅክ። እሷ ናት በኋላ እያለቀሰች የነገረችኝ። ጊንጡን አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍና ከመርዙ አንዲት ሰንሰለት ለይቶ ማውጣት ያው እንዳልሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሾፌር በዚህ አገር የለም። እያወቅክ ነው ያደረግከው። እኔን ለማናደድ ይሁን ተስፋ ቆርጠህ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ቀዶ ሐኪሙ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አሉ። ሜዝካሉ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ሜዝካሉ ነው እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። «አይደለም፤ አጥንቱ ቀድሞ ተበክሏል፤ ሜዝካሉ ቆዳውን ከማቃጠል በቀር ብዙም ያመጣው ነገር የለም» አሉኝ። የምወቅሰው ጠርሙስ እንኳ ነፈጉኝ።

ስትነቃ አጠገብህ ነበርኩ። ብርድ ልብሱ ከጉልበትህ በታች ዝቅ ብሎ የተኛበትን አየህ፣ ከዚያ እኔን አየኸኝ።

«ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ያለው ደህና ነው?» አልከኝና ወደ ግድግዳው ዞርክ። ቁስሉ እንደደረቀ ሻንጣህን አስይዘህ ወደ እህትህ ሄድክ።

አሁን እኔ የምለውን ስማ። ዛሬም ብትጠይቀኝ አልሰጥህም። ያቺን የመጀመሪያዋን ፔፕታይድ እግርህ ላይ ብቀባ ኖሮ ባክቴሪያውን ትገድለው ነበር፤ እመሰክርላታለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእሱ ጋር ሥጋህንም ትጨርሰው ነበር። ወደ ደምህ ብትገባ ደግሞ እኔ ይህን ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ አይኖረኝም ነበር። እግርህን ባጣም አንተን አላጣሁም ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አንተ ግን ስልክ አታነሳም።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር ቀርቷል። አንተ ከሄድክ በኋላም ሥራውን አላቆምንም። በስተመጨረሻ አንዲቱ ተሳካች። ደም አትነካም፣ መግል ውስጥ አትቆራረጥም፤ የቆሰሉት አይጦችም ዳኑ። ዶክተር ቤልትራን ኬክ ገዝተው መጡ። እኔ አልበላሁም፤ አንድ የቀረ ሙከራ ነበር። ባክቴሪያው ይለምዳት እንደሆነ ለማየት፣ ካንተ የተወሰደውን ከእሷ በትንሽ በትንሹ እያቀመስን ለሳምንታት አሳደግነው። «ሽፋኑን መለወጥ ስለሚከብደው ቶሎ አይለምዳትም» ብዬህ ነበር፣ አይደል? ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ብልቃጡን ሳነሳ ደፍርሷል፤ ባክቴሪያው አድጎበታል። ሽፋኑን ለውጦታል። ከሽፋኑ ውጭ ያለውን ኔጋቲቭ ሸፍኖ ተቀምጧል፤ ፔፕታይዷ አጠገቡ ትደርሳለች፣ የሚስባት ነገር ስለሌለ ታልፋለች። የፈለግነው መጠን ብንጨምርበት ያድጋል።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ስወጣ ዶክተር ቤልትራን «ይህም ውጤት ነው፤ እንጽፈዋለን» አሉኝ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ያበገነኝ። የላቦራቶሪው ልጆች «አይዞሽ» አሉኝ። እኔ አይዞሽ ባይ አልነበረም ያማረኝ። ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነበር ያማረኝ። «ይሄ እርጉም ተውሳክ እግሬን በልቶ አሁንም አልጠገበም?» ብሎ የሚቆጣ፣ ከዚያ ፊቴን ትክ ብሎ አይቶ «እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» ብሎ የሚያፋጥጠኝ። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚናደድልኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ኢጓላ እመጣለሁ። ስለ እግርህ ከጀመርክ የምመልስልህ ያንኑ ነው፤ አልለውጠውም፣ አንተም አትለውጠውም። ስለ ባክቴሪያው ግን የምነግርህ ብዙ አለኝ፤ ካንተ ሌላ ሰው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አይሰማኝም። በሩን ባትከፍትልኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከውጭ እነግርሃለሁ፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ። ስጨርስ ተቆጣ፣ ጩህ፣ የፈለግከውን በለኝ። ለብቻ መናደድ ሰልችቶኛል አባዬ።

«ይሄን ግትርነት ከማን ወረስሽው» እያልክ የምትጠይቃት፣
መልሱን ግን ጠንቅቀህ የምታውቅላት፣

ልጅህ ኦዲሊያ